ሻሼን ሳልወጋ የቀረሁ ዕለት

ሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ከደምበጫ ወጣ ብላ ባለች ቀበሌ፣ ከእንጨት በተሠራ የከብት መያዣ ኋላ ቆሜ እስከ ትከሻ የሚደርሰውን ጓንት አጠለቅሁ። በእንስሳት ሳይንስ ተመርቄ፣ የማዳቀል ሥልጠናውንም ጨርሼ፣ የመጀመሪያ የሥራ ቀኔ ነበር። ጣቶቼ ጓንቱ ውስጥ ቀዝቅዘዋል።

ሥራው ይህ ነው። በላም የእንቁላል ዕጢ ላይ ፎሊክል የምንላት ውሃ የቋጠረች ትንሽ ከረጢት ታድጋለች፤ እንቁላሉ ያለው እሷ ውስጥ ነው። ከረጢቷ ፈንድታ እንቁላሉ ሲወጣ በቦታዋ ቢጫ አካል የሚባል እብጠት ይተካል። የእሱ ሆርሞን ላሟ ቶሎ ተመልሳ ኮርማ እንዳትፈልግ ይይዛታል። እኛ የምንወጋው መድኃኒት ቢጫውን አካል ያከስመዋል፤ አዲስ ፎሊክል ይበስላል፤ ላሞቹ በአንድ ሰሞን ኮርማ ይፈልጋሉ፤ እኛም በአንድ ሰሞን እናዳቅላቸዋለን። መጽሐፋችን ላማ ስለምትባል የሩቅ አገር እንስሳም ያወራ ነበር። እሷ እንቁላሏን የምትለቀው ወንድ ካገኛት በኋላ ነው። የእኛ ላም ግን ወንድ ኖረም አልኖረም ተራዋን ጠብቃ ትለቃለች።

የሚያስፈራው ሌላ ነው። የያዘች ላምም ቢጫ አካል አላት፤ ጽንሱን ያቆመላት እሱ ነው። እሷን ከወጋናት ጽንሱ ይወርዳል። ስለዚህ ከመርፌ በፊት እጅ አስገብቶ ማህፀኑን መዳበስ፣ ባለቤቱንም መጠየቅ ግድ ነው።

አለቃዬ ጋሽ አንለይ በዚህ ሥራ የሸበቱ ፈጣን ሰው ናቸው። የመጀመሪያዋን ላም ለእኔ ተዉልኝ፤ የአቶ ሙላት ቀይ ላም ነበረች። ዳበስኩ። ሁለቱ የማህፀን ቀንዶች፣ ማለትም ግራና ቀኝ ክንፎቹ፣ እኩል ናቸው፤ ብትይዝ አንዱ ይወፍር ነበር። አቶ ሙላትን ጠየቅሁ፤ "ባዶ ናት!" አሉ። ወጋሁ።

"አየሽ፣ አልሞትሽም" አሉኝ ጋሽ አንለይ።

ቀጥላ ግንባሯ ነጭ የሆነ ሻሼ የምትባል ላም ገባች። ባለቤቷ እማማ ጥሩዬ ከእሷ በቀር ሌላ ላም የላቸውም። ስዳብሳት የቀኙ ቀንድ የወፈረ መሰለኝ። ደግሜ ስዳብስ እኩል ሆነብኝ። 

"እማማ፣ ኮርማ አግኝቷት ነበር?" ድምፄ ስላልተሰማ ደግሜ ጠየቅሁ። ላሙን ይዞ ተራ የሚጠብቀው ሰልፍ ሁሉ ዞረ።

"የምን ኮርማ! ባዶ ናት ልጄ፣ ባዶ!" ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ።

"ይቺ ልጅ እጇን እዚያው ልታሳድረው ነው እንዴ?" አለ አንዱ ከሰልፉ። ሳቁ።

"ባዶ ናት ብለዋል፤ ውጊያት" አሉ ጋሽ አንለይ።

"እርግጠኛ አይደለሁም።"

"ይህን ሁሉ ዓመት ያስተማሩሽ መጠርጠር ነው?" መርፌውን ሊቀበሉኝ እጃቸውን ዘረጉ። አልሰጠኋቸውም። "የዳበስኳት እኔ ነኝ" አልኩ።

"እንግዲያው ነገ ለወረዳው ኃላፊ አንቺው ታስረጂያለሽ" ብለው ሻሼን አስወጧት።

ለምሳ ስንበተን ልታጠብ ወደ ወንዙ ወረድኩ። እማማ ጥሩዬ ሻሼን እየነዱ ደረሱብኝ። ግራ ቀኝ አዩ።

"በዚያ ሁሉ ዓይን ፊት ስለ ሆዷ ይጠየቃል?" አሉ በሹክሹክታ። "ይዛለች። በሰው መሃል ተናግሬ ለቡዳ ላስበላት ኖሯል?"

"ታዲያ ለምን አመጧት?"

"ሁሉ ሲያመጣ እኔ ብቀር መያዟን ነገርኳቸው ማለት አይደል? ደግሞ ክትባት መስሎኝ ነው። ለአለቃሽም እንዳትነግሪ።"

"ብወጋት ኖሮ ይወርድ ነበር እኮ እማማ።"

 እጃቸውን ሆዷ ላይ አሳረፉ፤ ከዚያ ነድተዋት ሄዱ። ይህን አሁን የምጽፈው ጥጃዋ በደህና ተወልዳ ስላደገች ነው።

ቀይዋ ላም ትዝ ያለችኝ እሳቸው ከሄዱ በኋላ ነው። አቶ ሙላትም "ባዶ ናት" ያሉት በዚያው ሰልፍ ፊት ነበር። ገና የጀመረ ጽንስ ደግሞ ለእጅ አይታወቅም። ከሰዓት በኋላ የዳበስኳቸውን ላሞች ሁሉ ጋሽ አንለይ ደግመው እንዲዳብሱልኝ አደረግሁ። እራት አልበላሁም።

በማግስቱ ሰልፉ ሳይሰበሰብ አቶ ሙላት ደጅ ደረስኩ። በረት ይጠርጋሉ።

"ጋሼ፣ የሚሰማን የለም። እውነቱን ይንገሩኝ፤ ላሟ ይዛ ነበር?"

ቀና ብለው አዩኝና መጥረጊያቸውን አጥሩ ላይ አስደገፉ። መልሱን ሳልሰማ ብሄድ በወደድኩ።

"ይዛ ቢሆንማ እንኳን ለአንቺ ለሚስቴም አልነግር" አሉና ሳቁ። "ባዶ ናት። ከወለደች ወዲህ እስከ ትናንት ከበረት አላወጣኋትም፤ የናንተን ዝርያ ስጠብቅ።"

አመስግኜያቸው ሰልፉ ወደሚሰበሰብበት ሄድኩ።

ኃላፊው እዚያው መጥተው ሻሼን ለምን እንደ ተውኳት ሲጠይቁኝ፣ "እጄ እርግጡን አልነገረኝም" ብቻ አልኩ። ተግሳጹን ቆሜ ሰማሁ፤ የእማማ ጥሩዬን ነገር አላነሳሁም።

ከዚያ የዕለቱ የመጀመሪያ ላም ስትመጣ ባለቤቷን ከሰልፉ ነጥዬ ከዛፉ ጀርባ ወሰድኳቸው።

"ደግሞ የንስሐ አባት ሆንሽ?" አሉ ጋሽ አንለይ።

ባለቤት ለብቻው ይጠየቃል፤ እጅ ከተጠራጠረ አይወጋም። የተማርኩት ይህን ነው። ጠይቄ ስጨርስ ተመልሼ ጓንቴን አጠለቅሁ።