የአያቴ ሁለተኛ ዐይን

እናቴ የአባቷን ፊት የምታይበት አንድ ሥዕል ብቻ ነበራት። እሱንም እኔ አጠፋሁባት።

አያቴ ደጃዝማች ነበሩ፤ በወጣትነታቸው የዘመቱ፣ በኋላ በንጉሡ ጊዜ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት የገቡ። ስሙ የገነነ ሠዓሊ በሙሉ የማዕረግ ልብሳቸው ሥሏቸዋል። አብዮቱ ሲመጣ ተወሰዱ፤ መቃብራቸው እንኳ አይታወቅም። እናቴ ፎቶዎቹን በፍርሃት አቃጥላ፣ ሥዕሉን ብቻ አይከል ከተማ አጠገብ በሚኖር ዘመድ ጎተራ ውስጥ ደበቀችው። ስለሳቸው ማውራትም ያኔ እንደተወች ቀረች። ሥዕሉ በኋላ ወጥቶ ጎንደር፣ ሳሎናችን ተሰቀለ። እናቴ ጧት ጧት ፊት ለፊቱ ተቀምጣ ዳዊቷን ትደግም ነበር።

አሳሳሉ በጎን ነበር፤ የሚታየው አንድ ዐይን ብቻ። ይህ ከልጅነቴ ጀምሮ ይከነክነኝ ነበር። በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ጻድቃን በሁለት ዐይን፣ ኃጥአን በአንድ ዐይን እንደሚሣሉ የማያውቅ ጎንደሬ የለም። ባለፈው ዓመት ለማኅበር ቤታችን የመጣች አንዲት ሴት ሥዕሉን አየት አድርጋ፣ "ምነው ከኃጥአን ቆጠሯቸው?" አለች። ማኅበርተኞቹ ሳቁ። ደሜ ፈላ። እናቴ ምንም አልመለሰችም፤ እኔ ዝምታዋን ሐፍረት አደረግሁት።

ጠበል የሄደች ሰሞን ሥዕሉን ለአንድ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ወሰድሁት። ፊታቸውን ወደ እኛ አዙርልኝ አልሁት። አዲሱ ቀለም እንዲይዝለት አሮጌውን ፊት ፍቆ ሁለት ትልልቅ ዐይኖች ሣለላቸው። ደስ እያለኝ መልሼ ሰቀልሁት።

እናቴ ስትመለስ ነጠላዋን ሳታወልቅ ቆማ ብዙ አየችው።

"ይሄ ማነው?" አለችኝ።

አባትሽ ናቸው፣ ሁለተኛ ዐይናቸውን አስጨመርሁላቸው አልኋት። ወንበሩን በእጇ ፈልጋ ተቀመጠች።

"ሁለተኛ ዐይን እኮ አልነበራቸውም፣ ልጄ። ጦር ሜዳ ነው የቀረ። ሠዓሊውን፣ 'ልጄ ስታየኝ እንዳትፈራ በደኅናው በኩል ሣለኝ' ሲሉት ጉልበታቸው ላይ ነበርሁ።"

አልጮኸችብኝም። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ስንት ዓመት አብሬያት ስኖር፣ ምነው በጎን ተሣሉ ብዬ አንድ ቀን አልጠየቅኋትም።

ሥዕሉን አውርጄ ቁም ሣጥን ጀርባ አስቀመጥሁት። እሷ አሁንም ጧት ጧት ባዶው ግድግዳ ፊት ትቀመጣለች። ባለፈው ሳምንት ዳዊቷን ዘግታ ጠራችኝ።

"ዐይኔን ጨፍኜ ስፈልጋቸው፣" አለችኝ፣ "ያ ባለ ሁለት ዐይኑ ነው የሚመጣብኝ።"