የአክስቴ ጉድጓድ ውሃ

ከፌርፋክስ ጎዳና ምግብ ቤቶች ጓሮ ቆሻሻ እየሰበሰብኩ ለዓመታት ከባድ መኪና ድራይቭ አድርጌያለሁ። ስለዚህ ከአክስቴ አዲስ ቤት በላይ ያለው ኮረብታ ምን እንደሆነ ገና ከመኪናዬ ሳልወርድ ነው የገባኝ።

አክስቴ በሊትል ኢትዮጵያ ሰፈር በምግብ ቤት ኪችን ወገቧ እስኪጎብጥ ሠርታ ጡረታ ስትወጣ፣ ከከተማ ርቃ ትንሽ ቤት ገዛች። ቤቱ የራሱ የውሃ ጉድጓድ ነበረው። "የመድኃኒት ሽታ የለው፣ ምን የለው፣ ንጹሕ የምድር ውሃ!" እያለች ለመጣው ሰው ሁሉ ታስቀምሳለች። ከቤቱ በላይ ሣር የለበሰ ኮረብታ አለ፤ ከሣሩ መሐል የጋዝ ማስተንፈሻ ቱቦዎች ብቅ ብቅ ብለዋል። የተዘጋ የቆሻሻ መጣያ ነው። ቤቱን የሸጠላት ሰው አልነገራትም። እኔም ደስታዋን አይቼ ዝም አልኩ። በዚህ እስከ ዛሬ ራሴን እረግማለሁ።

በሁለተኛው ክረምት ብዙ ዘነበ። ሻይዋ ላይ እንደ ዘይት ያለ ነገር መንሳፈፍ ጀመረ፣ ገላዋን ስትታጠብ ያሳክካታል። ውሃ ወደሚቆጣጠረው የመንግሥት ቢሮ ብንደውል "ውሃው ክሊር ነው፣ ኦኬ ነው" አሉን። ናሙና ወስጄ በራሴ ገንዘብ ላብራቶሪ አስመረመርኩ። ፋብሪካዎች ብረት የሚያጥቡበት መርዛም ኬሚካል ተገኘበት።

ያን ቀን ስለ ቱቦዎቹ ነገርኳት።

"አውቀህ ነው ያጠጣኸኝ?" አለችኝ።

 የድሮ መጣያ ከሥሩ ምንም አልተነጠፈበትም፤ ዝናቡ በባትሪው፣ በቀለሙ፣ በመርዙ ሁሉ መሐል አልፎ ወደ ምድር ውሃ ይሰርጋል። ይህን ማንም የቆሻሻ መኪና ሾፌር ያውቃል። የቢሮው ሰዎች እንዴት አያውቁም?

የቢሮው ባለሥልጣን የአካባቢውን ሰው ስብሰባ ሲጠራ አክስቴ ከጉድጓዷ በጆግ ቀድታ ሄደች። ሰውየው "ለጤና የሚያሰጋ ነገር የለም" ሲል ተነሥታ ብርጭቆ ሞልታ ፊቱ አስቀመጠች።

"ይጠጡልኝ" አለች። ተረጎምኩላት።

ሰውየው ፈገግ ብሎ የራሱን የፕላስቲክ ጠርሙስ ከፍ አድርጎ አሳየ።

"ምን አለ?" አለችኝ።

"የራሴን ይዤ መጥቻለሁ ነው የሚልሽ።"

"እኛ ያለን ይሄ ብቻ ነው በለው።"

ደሜ ፈላ። የሷን ቃል ከተረጎምኩ በኋላ የራሴን ጨመርኩ፤ ምን ምን እንዳልኩ አላስታውስም፣ ዘበኛው ክንዴን ይዞ አስወጣኝ። ከኋላዬ ግን ጎረቤቶቿ አንድ በአንድ ተነሥተው እየጮኹ ነበር፤ ለካ የሁሉም ቤት ውሃ ተበላሽቶ ኖሯል።

ከዚያ በኋላ ነው ጉድጓዶቹ የታሸጉት። ብዙ ከተጨቃጨቅን በኋላ የከተማ ቧንቧ ገባላቸው። "ለተፈጠረው መጉላላት እናዝናለን" የሚል ደብዳቤም መጣ። መጉላላት! ሴትዮዋ ሁለት ዓመት መርዝ ጠጥታ! አሁን በየስድስት ወሩ ደሟን ለማስመርመር እወስዳታለሁ። ዶክተሩ እስካሁን ምንም አልታየም ይላል። መንገድ ላይ ብዙም አናወራም።