ከወደቡ እስከ ድልድዩ፣ በቃል

ዛሬ ጠዋት በሐይቁ ዳር ሳዘግም ከኋላዬ ኮቴ ሰማሁ። የብዙ ሰው ኮቴ ነው፤ ቀላል፣ እኩል የሚወርድ። ዞር ሳልል ዳር ያዝሁላቸው። ቱታ የለበሱ ሴቶች ልጆች እየተነፈሱ፣ የሳሙናና የላብ ሽታ ትተውልኝ አለፉ። የመጨረሻዋ «ይቅርታ፣ እማማ» ብላኝ ሄደች። እማማ መባሉን ለምጄዋለሁ። ያልለመድሁት ኮቴውን ነው። በዚህ ዕድሜዬ እንኳ ከኋላዬ የሚሮጥ ሰው ስሰማ ከንፈሬ ሳላዘው ይንቀሳቀሳል። «ኮቴው የእሷ ነው፤ መንገዱ የኔ ነው።»

ሰው ቢያየኝ ለብቻዋ ታወራለች ይላል። ይበል። ይህን ቃል እንዴት እንደያዝሁትና ማን እንዳስያዘኝ ላውጋችሁ።

አባቴ መሪጌታ ነበሩ። ቤታችን ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ነበር፤ ነፋስ ሲነሳ የሐይቁ ሽታ፣ የእርጥብ ደንገልና የዓሣ ሽታ፣ እስከ መኝታችን ይገባል። በግቢያችን ውስጥ የተማሪዎች ጎጆ ነበር። ከቁንዝላም ከጎርጎራም በታንኳና በእግር የመጡ ልጆች ጧት ማታ የያዙትን ቃል ለአባቴ ያሰማሉ። አባቴ ደጃፍ ካለው መደብ ላይ ተቀምጠው፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። ልጁ ካልተሳሳተ ዓይናቸው እንደተጨፈነ ይቆያል። አንዲት ቃል የሳተ እንደሆነ ግን ዓይናቸው ይገለጣል። ሌላ ቁጣ አልነበራቸውም፤ የዓይናቸው መገለጥ ብቻውን ይበቃ ነበር።

እናቴ ከሞተች በኋላ በዚያ ግቢ ድምፅ ጠፍቶ አያውቅም። ለኔ የሚሆን ድምፅ ግን አልነበረም። «በላሽ?» «በላሁ።» «በሩን ዘጋሽ?» «ዘጋሁ።» ከዚህ ያለፈ ነገር ሳንነጋገር ወር ይሞላ ነበር። ሴት ስለሆንሁ ይሁን እናቴን ስለምመስል፣ እኔን አንድም ቀን «ነይ፣ ቁጭ በይ፣ በይ እስቲ» ብለውኝ አያውቁም። በተማሪዎቹ እቀና ነበር። ዓይን ሲገለጥባቸው እንኳ እቀና ነበር፤ ያ የአባቴ ዓይን እነሱን ያያላ።

ሩጫ የጀመርሁት ከዚያ ግቢ ለመውጣት ነው ብል አልዋሸሁም። በትምህርት ቤት ስሮጥ እግሬ ቀላል ሆኖ ተገኘ። የሰፈሩ ሰው «የመሪጌታ ልጅ ባቷን ገልጣ በአደባባይ ትሮጣለች» ማለት ጀመረ። ይህ ወሬ አባቴ ጆሮ መድረሱን አላውቅም። አልከለከሉኝም፤ ፈቅጃለሁም አላሉኝም። ዝም አሉ፤ እኔም ዝምታቸውን እየፈራሁ ሮጥሁ።

ስፖርት የሚያስተምረን ወጣት መምህር ነበር፤ እዚያው ባሕር ዳር ከነጋዴ ቤተሰብ የተወለደ፣ ቀጭን፣ ሳቂታ። ለብቻዬ ስሮጥ ደስ አሰኘው ነበር። ከሰው ጋር ስሮጥ ግን ጉድ ይፈላል። ከፊት እሆንና፣ ከኋላዬ ኮቴ የሰማሁ እንደሆነ ልቤ ይከዳኛል። በአንዱ የትምህርት ቤት ውድድር አንዲት ልጅ ተከትላኝ መጣች፤ ገና ሳትደርስብኝ ቆምሁ። መሮጡን ትቼ እየተራመድሁ ጨረስሁ። ሜዳ ሙሉ ሰው ሳቀብኝ።

መምህሩ አልሳቀም። አጠገቤ ሳሩ ላይ ተቀመጠና «እግርሽ አልደከመም» አለኝ። «ታዲያ ምን ሆንሽ?»

«ኮቴ ሰማሁ፣ ጋሼ።»

«ኮቴውን ስትሰሚ ለራስሽ ምን አልሽው?»

ለራስ የሚባል ነገር እንዳለም አላውቅም ነበር። እሱም ሐይቁን እያየ «አባትሽ ተማሪዎቻቸውን በቃል ነው የሚያስይዙ፣ አይደል?» አለኝ። «እኔም ልጅ ሆኜ ቁርአን ስቀራ እንደዚያው ነው። በቃሉ የያዘ ሰው ቢደነግጥም አፉ ራሱ ይሄድለታል። አንቺም ሩጫውን በቃልሽ ያዥው።»

የአውራጃው የሯጮች ምርጫ ሊደርስ ነበር። ከፊት የገቡት ለክፍለ ሀገሩ ቡድን ይመረጡና ደብረ ማርቆስ ይሄዳሉ። ሩጫው ከወደቡ በር ተነስቶ በሐይቁ ዳር መንገድ አልፎ፣ የዓባይን ድልድይ ተሻግሮ ዓባይ ማዶ ያበቃል። መምህሩ መንገዱን በእግራችን አስኬደኝ፤ በየቦታው እያቆመ «እዚህ ስትደርሺ ለራስሽ ምን ትይዋለሽ?» ይለኝ ጀመር። ከወደቡ በር እስከ ዋርካው፣ ትከሻዬ ይውረድ፣ ቀስ ብዬ እገባለሁ። ከዋርካው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር፣ ኮቴ ይሰማል፣ ኮቴው የእሷ ነው፣ መንገዱ የኔ ነው። ከአጥሩ እስከ መጨረሻው ዘንባባ፣ ጥላ አለ፣ እስትንፋሴን እሰበስባለሁ። እንዲህ እየተባለ እስከ ማዶ። ጧት ጧት ከልምምድ በፊት ዓይኔን ጨፍኜ ሁሉንም አሰማዋለሁ፤ እሱም እየሰማ ራሱን ይነቀንቃል።

ምርጫው ሳይደርስ መምህሩ ለዘመቻ ተመደበ። በዚያ ጊዜ ማን ተጠየቀ፣ ማንስ እምቢ አለ። ሊሰናበተኝ ወደ ትምህርት ቤቱ አጥር መጣ፤ ሻንጣውን መሬት አስቀምጦ «እንዳታቋርጪ» አለኝ። «በየቀኑ ለሚሰማሽ ሰው በይው። ሰሚ የሌለው ቃል ይጠፋል።»

«ማን ይሰማኛል፣ ጋሼ?»

«ፈልጊ» አለኝ። የቀለደ መስሎት ነው። ከዚያ ወዲህ አላየሁትም። ደህና ገብቶ እንደሆነ፣ ቀርቶም እንደሆነ የነገረኝ ሰው የለም፤ ዛሬም ድረስ ስሙ ሲነሳ ጆሮዬን አቆማለሁ።

ሰሚ ፈለግሁ። ጓደኞቼ ሊስቁብኝ ነው፤ ጎረቤቶቹማ ባቷን ገለጠች ብለው ተቀይመውኛል። ከሐይቁ ዳር ሄጄ ለውሃው ብል ውሃው የራሱን ያወራል። እንደዚያን ሰሞን ብቸኝነት ተሰምቶኝ አያውቅም። አንድ አመሻሽ ላይ ከቤታችን ኋላ፣ ግድግዳውን ተደግፌ፣ ለማንም ሳይሆን ለራሴ ማለት ጀመርሁ። ፀሐይዋ ከውሃው ልትገባ ደርሳ ግድግዳው ቀይ ሆኗል። ድልድዩ ላይ ስደርስ «ድልድዩ ላይ፣ አልፈራም» አልሁ።

«ተይው እሱን» አለ ከማእዘኑ በኩል ድምፅ።

አባቴ ናቸው። መቋሚያቸውን ይዘው ቆመዋል። ከየት ጀምረው እንደሰሙኝ አላወቅሁም።

«‹አልፈራም› ብለሽ ፍርሃትን ስሙን ጠራሽው። የተጠራ ደግሞ ይመጣል። እዚያ ቦታ ምን አለ?»

«ነፋስ አለ፣ አባባ።»

«እንግዲያ ነፋሱን በይ። ያለውን በይ።» ድንጋይ ስበው ተቀመጡ። ጋቢያቸውን ተከናንበው ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ከራሱ ጀምሪ።»

ምን እንደሆነ አልጠየቁኝም። ሩጫ የምትለዋን ቃል አላነሷትም። እኔም ከወደቡ በር ጀመርሁ። ስጨርስ «ገና ግእዝ ነው፤ እየቆጠርሽ ነው የምትይው» አሉኝ፤ ጀማሪ ተማሪ ፊደል በፊደል ሲያነብ የሚሉትን ማለታቸው ነበር። «እስኪፈስ ድረስ በይው። ነገ በዚህ ሰዓት።»

ነገም በዚያ ሰዓት መጡ፤ ከነገ ወዲያም። እየቆየ ሲሄድ እንደ ተማሪዎቻቸው ይፈትኑኝ ጀመር። ከመካከል ያነሱና «ከአጥሩ ቀጥይ» ይሉኛል። አንድ ቀን ደግሞ «ከግርጌው ወደ ራሱ በይልኝ» አሉ። ይህን ለተማሪ ሁሉ አያደርጉትም፤ ለሚተማመኑበት ብቻ ነው። እኔ ግን አልገባኝም፤ «ሩጫው እኮ ወደ አንድ ወገን ብቻ ነው» ልላቸው ምላሴ ላይ መጥቶ ዋጥሁት። ስሳሳት ዓይናቸው ይገለጣል። ሐይቁን ሳይሆን እኔን ያያሉ። አልደብቅም፤ አንዳንዴ ይገለጥልኝ ብዬ ልሳሳት ይዳዳኝ ነበር፤ ግን እልሁ ይበልጥብኝና በደንብ እላለሁ። ዓይናቸው እንደተጨፈነ ጨለማው ይወርዳል፣ ተማሪዎቹም ከጎጆው የራሳቸውን ያነበንባሉ፤ እኔም የመሪጌታ ተማሪ ሆንሁ።

የምርጫው ቀን እሑድ ነበር። ከወደቡ በር ስንደርስ ቀይ ጨርቅ ተወጥሮ፣ መፈክር በድምፅ ማጉያ እየተነበበ፣ ካድሬው ሽር ጉድ ይላል። ሰውነታችንን አሟሙቀን ልንሰለፍ ስንል ወሬ መጣ። ከደብረ ታቦር በኩል የጦር መኪኖች እየመጡ ነውና ድልድዩ ቶሎ ይለቀቅ ተባለ። ስለዚህ ሩጫው ይገለበጣል፤ ከዓባይ ማዶ ተነስተን ድልድዩን ቀድመን እንሻገርና ወደቡ ላይ እንጨርሳለን። ሴቶቹን በጭነት መኪና ጭነው ማዶ አደረሱን።

ሌሎቹ ልጆች መንገድ መንገድ ነው ብለው ሳቁ። እኔ ግን ጉድ ሆንሁ። የያዝሁት ሁሉ ከወደቡ በር ነው የሚጀምረው። መኪናው ላይ የብረቱን ጠርዝ ይዤ ከራሱ ልጀምር ብል፣ የምናልፋቸው ዛፎች ሁሉ በተቃራኒው ይመጡብኛል። አለቀልኝ አልሁ። እንግዲህ በሜዳው እንደሳቁብኝ ቀን እየተራመድሁ ልጨርስ ነው፣ ሰውም ሊስቅ ነው። ከዚያ፣ ፊሽካው ሊነፋ ስንሰለፍ፣ «ከግርጌው ወደ ራሱ በይልኝ» የሚል የአባቴ ድምፅ መጣልኝ።

ድልድዩ ላይ ነፋሱ መጣ፤ ነፋስ ይመጣል፣ አንገቴን ደፍቼ እገባበታለሁ። የድልድዩ ጠባቂ ወታደሮች ከግራ ከቀኝ ቆመው ያዩናል፤ ዓባይ ከሥራችን ይጮኻል። ከዘንባባው እስከ አጥሩ ጥላ አለ፣ እስትንፋሴን እሰበስባለሁ። አጥሩ ሥር ነጫጭ ጋቢ የለበሱ ሰዎች ቆመው ነበር፤ ከቅዳሴ የወጡ ይመስሉኛል፤ ቀና አላልሁም። አጥሩን እንዳለፍሁ ኮቴው ከኋላዬ መጣ። ልቆም ዳዳኝ። ከንፈሬ ግን ቀድሞኝ ይሄድ ነበር። ኮቴው የእሷ ነው፤ መንገዱ የኔ ነው። ዋርካው ጋ ስንደርስ ባለ ኮቴዋ ልጅ አለፈችኝ። አልቆምሁም። እስከ ወደቡ በር ተከትያት ገባሁ።

ሁለተኛ ወጣሁ፤ ተመረጥሁም። ደብረ ማርቆስ ላይ ከብዙዎቹ መካከል አንዷ ሆኜ ጨረስሁና ሩጫዬ እዚያው አበቃ። የትም አላደረሰኝም። በዚያ ቀን ግን ከወደቡ እስከ ቤታችን ስመለስ መሬት አልረገጥሁም።

አመሻሹ ላይ አባቴ እንደ ወትሮው ድንጋዩ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው።

«አልጠፋሽም?» አሉኝ።

«አልጠፋኝም፣ አባባ።»

«ደግ።»

ተነስተው ወደ ተማሪዎቻቸው ሄዱ። ቀጥሎ ያለውን ጠብቄ ነበር፤ አልመጣም። በማግስቱ በዚያ ሰዓት ከቤቱ ኋላ ቆሜ ጠበቅኋቸው፤ አልመጡም። የማሰማው ነገር አልነበረኝማ። «በላሽ?» «በላሁ።» ወደ ማለቱ ተመለስን። ሩጫ መሆኑን ያውቁ ነበር ወይ፣ የምን ትምህርት መስሏቸው ነበር፣ ብዬ ስንት ዓመት አሰብሁ። መጠየቅ ግን በዚያ ቤት አልለመድነውም። አገባሁ፣ ወለድሁ፣ ባሌ ሞተ፣ ልጆቼ ሥራ ፍለጋ ሄዱ፤ አልጠየቅኋቸውም።

አባቴ ሲያረጁ ወስጄ አስታመምኋቸው። በመጨረሻው ሰሞን እኔንም አያውቁኝም ነበር፤ ዳዊታቸው ግን አልጠፋቸውም። ዓይናቸውን ጨፍነው ቀኑን ሙሉ ይደግማሉ። አንድ ከሰዓት በኋላ አጠገባቸው ተቀምጬ ሳለሁ ዳዊቱ መካከል ላይ ቆም አሉ፤ ቀጥሎ በዚያው ዜማ፣ በዚያው እርጋታ ንባባቸው አማርኛ ሆነ።

«ድልድዩ ላይ ነፋስ ይመጣል፤ አንገቴን ደፍቼ እገባበታለሁ። ከዘንባባው እስከ አጥሩ ጥላ አለ፤ እስትንፋሴን እሰበስባለሁ።»

የያዝሁትን የውሃ ኩባያ መሬት አስቀመጥሁ። እሳቸው ቀጠሉ፤ እኔ ብዬላቸው የማላውቀውን።

«አጥሩ ሥር አባት ቆሟል። ትለፍ።»

እዚያ ላይ አቆሙ። አለቀስሁ፤ ምን እደብቃለሁ። «ከዚያስ፣ አባባ?» አልኋቸው። እስትንፋሳቸው ብቻ ከሩቅ ይመጣል። ስለዚህ ቀሪውን እኔ ጀመርሁላቸው። ከአጥሩ እስከ ዋርካው፣ ኮቴ ይሰማል፣ ኮቴው የእሷ ነው፣ መንገዱ የኔ ነው። ከዋርካው እስከ ወደቡ በር፣ ትከሻዬ ይውረድ። እንዳልሳሳት ተጠንቅቄ፣ እንደሚወዱት እያፈሰስሁ አልሁላቸው። ወደቡ በር ላይ ስደርስ ግን ሆን ብዬ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ተይው ያሉኝን «አልፈራም» አልሁ።

ዓይናቸው አልተገለጠም።