ለቶላ እናት ሳንነግር የቆየነው

ሰበታ፣ ቅዳሜ ከንጋቱ 12 ሰዓት

ገና በደንብ ሳይነጋ ኦቦ ጉተማ ፒክአፓቸውን አስነስተው ደጄ ላይ ይጠብቁኛል። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ከተፍኪ ጤፍና ሽምብራ የሚያመላልሱባት መኪና ናት።

"አካም ቡልቴ፣ ሲስተር? ጃኬት ደርቢ፣ ሱሉልታ ይበርዳል።"

"ደህና፤ አንቱስ እንዴት አደሩ?"

የጎረቤት አገር በእርስ በርስ ጦርነት ስትታመስ፣ ሰማያዊ ቆብ አድርገን ሰላም ልናስከብር አብረን ዘምተናል። እኔ ነርስ፣ እሳቸው የእርዳታ እህል ጫኝ መኪና ሹፌር። መካኒካችን የሱሉልታው አስር አለቃ ቶላ ግን በሕይወት አልተመለሰም። እናቱ "መኪና ተገልብጦበት ነው" የሚል ወሬ ደርሷቸው፣ እውነቱን እዚያ ከነበረ ሰው መስማት እንደሚፈልጉ መልእክት ልከውልናል። እስከ ዛሬ ሳንሄድ የቀረነው በእኔ ምክንያት ነው። ቶላ የሞተው እጄ ላይ ነው።

ቡራዩ፣ 2 ሰዓት ተኩል

ከዓለም ገና እስከ አየር ጤና የጭነት መኪና ሰልፍ ነው። ቡራዩ ስንደርስ የብየዳ ቤቶቹ ሥራ ጀምረዋል፣ ታክሲ ጠባቂው መንገዱን ሞልቶታል። ሰይድ፣ ያኔ አረብኛ የሚተረጉምልን ወታደር፣ የመለዋወጫ ሱቁን ለሚስቱ ትቶ ሙዝና ትኩስ ዳቦ ታቅፎ ወጣ።

"ባዶ እጅ አይገባም" አለና ከኋላ ተቀመጠ። ትንሽ ቆይቶ፣ "ሁሉንም ትነግሪያቸዋለሽ?" አለኝ።

"ከጠየቁኝ አልደብቅም።"

አስኮን አለፍን። የእንጦጦን ዳገት ጨርሰን ወዲያ ማዶ ስንወርድ የሱሉልታ ሜዳ ተዘረጋ፤ አረንጓዴ ሣር፣ የድርቆሽ ክምር፣ በሰልፍ የሚሮጡ አትሌቶች።

ሱሉልታ፣ 4 ሰዓት ከሩብ

የቶላ እናት፣ እማማ ዲንቄ፣ ቀጭን፣ ቀጥ ያሉ ሴት ናቸው። ግቢያቸው ውስጥ አግዳሚ ላይ አስቀመጡንና ፊት ለፊታችን ተቀመጡ።

"ንገሩኝ። አታሳምሩልኝ።"

ነገርኳቸው። አንድ መንደር እህልና መድኃኒት ስናድል ሁለቱ ተዋጊ ወገኖች ተኩስ ከፈቱ። ሴቶችን፣ ሕፃናትንና ሽማግሌዎችን በኦቦ ጉተማ መኪና ላይ፣ በጆንያው መሀል አጨቅናቸው። ጥቂት እንደሄድን ሞተሩ ጠፋ። የነዳጅ ቱቦውን ጥይት በጥሶታል። ቶላ ማንንም ሳይጠይቅ መኪናው ስር ገባ።

"ተው ውጣ ብዬ ጮኽኩበት" አለ ሰይድ። "'ሁለት ደቂቃ' አለኝ። ቱቦውን በጎማ ቁራጭ ሲያስር እጁ አይንቀጠቀጥም ነበር።"

"'ሞተሩን ይሞክሩት ኦቦ!' ሲል ሰማሁት" አሉ ኦቦ ጉተማ።

የተመታው ከስር ሲወጣ ነው። ሰይድ ጎትቶ አወጣልኝ። ካምፕ እስክንደርስ ቁስሉን በሁለት እጄ ተጭኜ ነበር።

"ደሙን ማቆም አልቻልኩም፣ እማማ። ይቅር ይበሉኝ።"

 እማማ ዲንቄ ወደ ኦቦ ጉተማ ዞሩ።

"መኪናው ተነሳ?"

"ተነሳ እንጂ! የጫንኩትን ሰው በሙሉ፣ አንድ ሳይጎድል ካምፕ አስገባሁ።"

እማማ ዲንቄ ሁለቱን እጆቼን ያዙ። "በእኔ ፋንታ እነዚህ ይዘውታል። ምን አጥፍተሽ ነው ይቅር የምልሽ?"

ያን ጊዜ አለቀስኩ፤ እሳቸው አላለቀሱም። ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ አጥሩ ሄዱ።

"ኮታ! ኑ፣ ሁላችሁም ኑ! ኢልመ ኮ፣ ልጄ እንዴት እንደሞተ የሚያውቁ ሰዎች መጥተዋል!"

ጎረቤት ከየደጁ ወጣ። ሽማግሌዎች ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ ሴቶች ልጆቻቸውን አዝለው በሩ ላይ ቆሙ። እማማ ዲንቄ ቀና ብለው መሀላቸው ተቀመጡ።

ኦቦ ጉተማ ተነሱ። የኮታቸውን ቁልፎች አንድ በአንድ ቆለፉ፣ እንደ ወታደር ቀጥ ብለው ቆሙ።

"ስሜ ጉተማ ይባላል" አሉ። "የዚያን ቀን መኪናውን የነዳሁት እኔ ነኝ።"