የካራይ ኢላሪዮን ሸረሪቶች

ኛ ሴፌሪና (ኛ በአገሯ ወግ እመት እንደማለት ነው) ስድሳ ዓመት ሲሞላት በመንደሯ ሁለት ነገር ይወራላት ነበር። አንደኛው እጇ ነው። ሁለተኛው ከዚያ ከዕብዱ ሽማግሌ ጋር በየማታው አጥር ለአጥር ተቀምጣ የምታወጋው ወግ ነው። ስለ እጇ የሚያወሩት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ ስለ ሽማግሌው የሚያወሩት ደግሞ ዝቅ አድርገው ነበር።

ኢታጉዋ በምትባለው የዳንቴል ከተማ አካባቢ የተወለደች ሴት ዳንቴል ካልሠራች ምን ሠራች ይባላል? ዳንቴሉን ኛንዱቲ ይሉታል። ጨርቅ በእንጨት ፍሬም ላይ ይወጠራል፣ በእርሳስ ክብ ክብ ይነደፍበታል፣ ክሩ ከመሐል ወደ ዳር እንደ ፀሐይ ጨረር ይዘረጋል፣ ከዚያ በመርፌ እየተመላለሱ አበባ ማውጣት ነው። ሲያልቅ ጨርቁ ከሥሩ ተቆርጦ ይጣላል፤ የሚቀረው በካሳቫ አሚዶ የደረቀ ክርና ቀዳዳ ብቻ ነው። ድሮ ስሙን ያወጡለት ሴቶች «የሸረሪት ድር» ብለው ነው ያወጡለት፤ የዛሬዎቹ ግን ሸረሪት ባዩ ቁጥር ጫማቸውን ያወልቃሉ። ሰው እንዲህ ነው፤ ስሙን ይወዳል፣ ባለቤቱን ይጨፈልቃል።

ሴፌሪና እናቷ የሞተችባት በዘጠኝ ዓመቷ ነው። ያደገችው ሰው ቤት ነው፤ ዘመድ የምትለው የሌላት፣ የማን ልጅ ልጅ እንደሆነች እንኳ የሚነግራት ያጣች ልጅ ነበረች። መርፌ አያያዝ ያስተማሯት የቤቱ እመቤት ናቸው። ከዚያ ወዲያ የሰው ንድፍ ስትገለብጥ ዕድሜዋ ሄደ። የዘይቱና አበባ፣ የላም ኮቴ፣ የምስጥ ኩይሳ፤ ሁሉ የሚሠራውን ሠራች። አገባች፣ ልጅ ሳትወልድ ባሏ ሞተ፣ እጇ ግን እየፈጠነ ሄደ። አንድ ቀን ሥራዋን የምትረከባት ነጋዴ፣ «እጅሽስ ንግሥት ነበር፤ ምን ያደርጋል፣ ጭንቅላትሽ ገረድ ሆነ» አለቻት። ሴፌሪና እዚያው ሳቀች። ቤቷ ገብታ ግን አለቀሰች።

ጎረቤቷ ካራይ ኢላሪዮን ነበሩ። ካራይ የሚባለው የተከበረ ሰው ነው፤ የመንደሩ ልጆች እሳቸውን ካራይ ሲሉ ግን ሳቃቸው ያመልጣቸዋል። ዕድሜያቸውን የጨረሱት በባቡር ሐዲድ ማቋረጫ ዘበኝነት ነው። ባቡሩ በቀን አንዴ ያልፋል፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ አያልፍም። በተረፈው ሰዓት ሣሩን፣ ቁጥቋጦውን፣ የጣቢያውን ግድግዳ እያሰሱ ሸረሪት ያዩ ነበር። ሌላው ዘበኛ ካርታ ይጫወታል፣ እሳቸው ሸረሪት ያያሉ፤ ዕብድ የተባሉት እሳቸው ናቸው።

«ትናንት ስትነፋረቂ ሰማሁሽ» አሏት ከአጥሩ ማዶ። «ምን ሆነሽ ነው?»

«ንድፍ የለኝም ካራይ። ጭንቅላቴ ባዶ ነው።»

«ጭንቅላት ማን ጠየቀሽ? ዓይን የለሽም? ነይ እስቲ ወዲህ።»

ግቢያቸው ካለው ሎሚ ሥር ወሰዷትና ጣታቸውን ቀሰሩ። ድሩ መሐል የትንሿን ጣት ጥፍር የማታክል ነገር ተንጠልጥላለች፤ ጀርባዋ እንደ ሸክላ የጠነከረ፣ ቢጫ፣ ዙሪያውን ስድስት ቀይ ቀንድ ያወጣ።

«ይቺ ሸረሪት ናት?» አለች ሴፌሪና።

«ታዲያ ኮርማ ናት?»

በዚያ ሳምንት ባለስድስት ቀንድ ኮከብ ሠራች። ነጋዴዋ ሁለት ጊዜ ገልብጣ አየችውና ዝም አለች። ነጋዴ ዝም ካለ ሥራው ጥሩ ነው ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ አሥራ ሁለት ዓመት በየማታው ወንበራቸውን አጥሩ ሥር ያወጣሉ፣ ቴሬሬ የሚሉትን ቀዝቃዛ የቅጠል መጠጥ በቀንድ ዋንጫ ቀድተው በብረት መምጠጫው ተራ በተራ ይምጋሉ፣ ሽማግሌው ያወራሉ፣ እሷ ትነድፋለች። የብር ሸማ የለበሰችውን አሳዩዋት፤ ስምንት እግሯን ሁለት ሁለቱን ገጥማ መስቀል ትሠራና ድሯ ላይ ነጭ ጥልፍ ትጠልፋለች። አበባ ውስጥ የምታደፍጠዋን አሳዩዋት፤ ነጭ አበባ ላይ ነጭ፣ ቢጫ ላይ ስትሰነብት ቢጫ። ክሯ ራሱ ወርቅ የሆነችውንም እንዲሁ፤ ፀሐይ ሲያርፍበት ሴፌሪና እጇን ሰድዳ ክሩን ልትጠቀልለው ቃጥቷት ነበር። አንዴ ጉንዳን መስሏት ልታራግፍ ስትል ካራይ እጇን ያዙ። «እግሯን ቁጠሪ እስቲ። ሁለቱን የፊት እግሯን አንስታ ቀንድ አስመስላ ነው እንጂ ጉንዳን አይደለችም። ጉንዳኖቹ መሐል ገብታ ትኖራለች፣ ሌባ!» ሌላ ጊዜ ቅጠል ላይ የወፍ ኩስ አሳይተዋት፣ «ይሄማ ኩስ ነው» ብትል፣ ኩሱ ተነስቶ ሄደ። ሽማግሌው እስኪያስላቸው ሳቁ።

የሁሉ ቁንጮ ግን በካራይ ደጅ ማንጎው ላይ ያሉት ነበሩ። ቀን ቀን በመቶ የሚቆጠሩ ሸረሪቶች ቅርንጫፍ ሥር ተጠቅልለው የሰው ጭንቅላት የሚያህል ጥቁር ኳስ ይሆናሉ። ፀሐይዋ ልትጠልቅ ስትል ኳሱ ይፈታል። ከማንጎው እስከ ዘይቱናው ረጃጅም ገመድ በጋራ ይዘረጋሉ፤ ከዚያ እያንዳንዷ በጋራው ገመድ መሐል የየራሷን ክብ ድር ታደራለች። ሲነጋ ሁሉንም ነቅለው ወደ ኳሳቸው ይመለሳሉ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ አንበሳ እዚያ አገር የለም እንጂ፣ ማታ በማንጎና በዘይቱና መሐል የሚበር ነገር ሁሉ እጁን ይሰጥ ነበር።

ሴፌሪና ይህን ድር በክር ለማውጣት ሦስት ዓመት ፈጀባት። በሦስተኛው ዓመት የካራይ ዓይን ደከመ። መጀመሪያ ጉንዳን መሳዩዋ ጠፋቻቸው፣ ቀጥሎ ባለቀንዷ፣ በመጨረሻ የማንጎው ድር። ልጃቸው ዋና ከተማ ሐኪም ዘንድ ልትወስዳቸው መጣች።

«ሴፌ» አሉ ሲሄዱ፣ «ሁለት ሳምንት ከርሜ እመጣለሁ። ማንጎዬን አደራ። ማንም እንዳይነካቸው።»

«በእኔ ይሁንብዎ ካራይ።»

በዚያ ሰሞን የእመቤታችን የካንዴላሪያ በዓል ተቃርቦ ነበር። ለእመቤታችን ሐውልት አዲስ ካባ ሊሠራ ነው፤ ማን እንደሚሠራው የምትወስነው ዶኛ ኦዲላ ናት፣ የበዓሉ ኮሚቴ ሊቀመንበር። በየቤቱ እየዞረች ሥራ ታያለች። ሴፌሪና ዕድሜዋን ሙሉ የሰው ቤት ልጅ ነበረችና ያ ካባ ለእሷ ካባ ብቻ አልነበረም። ቤቱን ጠረገች፣ ቺፓ የሚሉትን የካሳቫ ዳቦ ጋገረች፣ ያንን የሦስት ዓመት ዳንቴል ጠረጴዛ ላይ ዘረጋች። እንግዶቹ ግን ዘግይተው፣ ልክ ፀሐይዋ ስትጠልቅ መጡ። ወደ ቤቷ የሚወስደው መንገድ በማንጎው ሥር ነው የሚያልፈው።

ዶኛ ኦዲላ ያን ቀን ፀጉሯን ተሠርታ ነበር።

«ኡኡ! ኡኡ! ምንድን ነው ይሄ?» ፀጉሯን በሁለት እጇ ትነጫለች። «እናንተ ሰዎች፣ ከአውሬ ጋር ነው እንዴ የምትኖሩት? ሰው እዚህ ይገባል?»

ሴፌሪና አፈረች። በማይታፈርበት ነገር ማፈሯን የምታውቀው ራሷ ናት፤ አፏ ግን ቀደማት።

«የእኔ አይደለም ዶኛ ኦዲላ፤ የጎረቤቴ ነው። ዕውር ሽማግሌ ናቸው፣ ጭንቅላታቸውም… ያው። ነገ በጠዋት አጸዳዋለሁ።»

ሴትዮዋ እየተመናቀረች ገባች። ዳንቴሉን ስታይ ቆመች። ሁለት መቶ ትናንሽ ክብ፣ አንዱ ካንዱ የማይመሳሰል፣ ሁሉም በአንድ ገመድ ላይ።

«ውይ ሴፌሪናዬ! ይሄንን ከየት አመጣሽው?»

የድሩ ክር እኮ ገና ከሴትዮዋ ጆሮ ሥር ተንጠልጥሎ ነበር። ሴፌሪና አየችው።

«ከአያቴ ነው» አለች።

በነጋታው ረጅም እንጨት ጫፍ ላይ ጨርቅ አሰረች፣ ላምባ ውስጥ ነከረችው፣ ለኮሰችው። ሸረሪቶቹ ሥራቸውን ጨርሰው ተጠቅልለው ተኝተው ነበር። እሳት ላይ እንደወደቀ ጨው ተንጣጡ። አንዳቸውም አላመለጡም፤ አብሮ መተኛት ልማዳቸው ነውና። ከሰዓት በኋላ ካባው ለእሷ መሰጠቱ ተነገራት። ደስ ይለኛል ብላ ጠበቀች፤ ደስታው አልመጣም። ሦስት ቀን እጇ ላምባ ላምባ ሸተታት፣ የካባውን የመጀመሪያ ክብ ሁለት ጊዜ አጠበችው።

ካራይ ተመለሱ። ሐኪሞቹ ሞራ ቢሆን እንገፍልዎ ነበር፣ የነርቭ ነው ብለዋቸዋል። ማታ እንደ ልማዳቸው ወንበራቸውን በዳበሳ አጥሩ ሥር አወጡ፣ ቴሬሬያቸውን ቀዱ።

«ሴፌ፣ ወጡ እንዴ?»

እዚያች ጋ ብትናገር ኖሮ ነገሩ ያልቅ ነበር። ሴፌሪና በማንጎውና በዘይቱናው መሐል ያለውን ባዶ ሰማይ አየች።

«ወጡ» አለች።

«ትልቋስ? ያቺ ሰነፏ?»

«እሷ… እሷ ገና ቅርንጫፉ ላይ ናት። ሌሎቹ ገመዱን ጨርሰዋል። አሁን አንዷ ወረደች፣ ነፋሱ ወሰዳት፣ ተመለሰች…»

«ጎበዝ!» አሉ ካራይ፣ አንገታቸውን በመዳፋቸው ጠፍ እያደረጉ።

እንዲህ ሆኖ ሰነበተ። በቀን የእመቤታችንን ካባ ትሠራለች፣ ማታ ማታ ለአንድ ዕውር የሌለ ድር ታደራለች። ባለቀንዷን ከሎሚው አመጣችላቸው፣ ወርቅ ክሯን መሐል አስገባቻት፣ የወፍ ኩሷን አስነስታ አስኬደቻት። በዕድሜዋ እንደዚያ አምሮላት አውርታ አታውቅም፤ ማማሩም ያሳፍራት ነበር። አደራ በላ ስንት ዓይነት ነው? የበላውን አደራ እያጣፈጠ ለባለቤቱ የሚተርክስ ምን ይባላል? አንድ ቀን ልትናዘዝ ቺፓ ይዛ ሄደች። ገና ደጁ ላይ ሳለች ሽማግሌው፣ «ትናንት የነገርሽኝ ያቺ ነፋስ የወሰዳት፣ ሌሊት ሳስባት አደርኩ» አሏት። ቺፓውን አስቀምጣ ተመለሰች።

በበዓሉ ቀን እጃቸውን ይዛ ወደ ቤተ ክርስቲያን የወሰደቻቸው እሷ ናት። «እኔ ባላየውም ሰው ሲያየው እሰማለሁ» ብለው ነው የመጡት። ሐውልቷ ካባዋን ለብሳ ስትወጣ ሕዝቡ በአድናቆት ተንጫጫ፤ የካባው መሐል ያ የማንጎው ድር ነው፣ ዙሪያውን ባለቀንዷ፣ ብሯ፣ አበባዋ። ዶኛ ኦዲላ ድምፅ ማጉያውን ያዘች።

«ይህ ድንቅ ጥበብ» አለች፣ «ኛ ሴፌሪና ከአያቷ የወረሰችው ነው! እናጨብጭብላት!»

ተጨበጨበ። ሴፌሪና ማጨብጨብም እጅ መንሳትም አልቻለችም፤ አንድ እጇ የካራይ እጅ ውስጥ ነበር። እጃቸው አልተንቀሳቀሰም። እጇን ቢለቋት ትወድ ነበር፤ አልለቀቋትም፣ አላጠበቁባትም። እንደዚሁ ተያይዘው ወደ ቤት ተመለሱ።

ማታ ወንበራቸው ወጣ።

«ወጡ እንዴ ሴፌ?»

«የሉም ካራይ። የሉም። አቃጥያቸዋለሁ። እርስዎ በሄዱ በሳምንቱ፣ በላምባ። ያቺ ሴትዮ ስትጮህ አፍሬ ነው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እመርጣለሁ።»

ሽማግሌው መምጠጫውን እስከ መጨረሻው ማጉ።

«አውቃለሁ» አሉ።

«ማን ነገረዎት?»

«ቢንቢ ነዋ። አሥራ ሁለት ዓመት እዚህች ወንበር ላይ አንዲት ቢንቢ ነክሳኝ አታውቅም። የተመለስኩ ማታ ግን ገና ቁጭ ከማለቴ አንገቴን በሉኝ። ወዲያው ‹አለቁ› አልኩ በልቤ።»

«ታዲያ… ታዲያ ለምን በየማታው ይጠይቁኝ ነበር?»

«አንድም ትነግሪኝ እንደሆን ብዬ ነው።» ዋንጫውን ሞልተው በዳበሳ ዘረጉላት። «አንድም ደግሞ አምሮልሽ ነበር። እኔ ለሰው ሳወራ ኖርኩ፤ ለእኔ ያወራልኝ ሰው አልነበረም። እና ውሸትም ቢሆን ሰማሁት። ጠጪ እንጂ።»

ሴፌሪና ዋንጫውን ተቀበለች። እንባዋ እየወረደ ማገች። ተቆጥተው ቢሆን፣ ቢሰድቧት፣ በዱላቸው ቢሏት ኖሮ ይቀላት ነበር።

«አሁን ያለውን ንገሪኝ» አሉ ካራይ።

«ምንም የለም። ማንጎው አለ፣ ዘይቱናው አለ። መሐሉ ባዶ ነው።»

«እሺ።» ክንዳቸውን ጠፍ አደረጉ። ከዚያ እንደ ወግ፣ ያለ ምንም ቁጣ ጠየቋት። «አያትሽ ግን፣ ሴፌ፣ ማን ነበር ስማቸው?»

ሴፌሪና አፏን ከፈተች። አያቷን አይታቸው አታውቅም። ስማቸውንም አታውቀውም።