የሁለት ብዮች ቁልቁለት

ከየካ ሚካኤል ወደ እንጦጦ በሚያወጣው ዳገት ላይ የተከራየኋት ክፍል ከባለቤቶቹ በረንዳ ፊት ለፊት ናት። ጠዋት ጠዋት ጭጋጉ በባሕር ዛፉ መሐል ሾልኮ ይወርድና ግቢውን ይሞላዋል። ያኔ በረንዳው ላይ የሚታየኝ የጋሼ ዓምደ ሚካኤል ነጭ ፀጉር ብቻ ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ፊዚክስ አስተምረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። እኔ ደግሞ ከፊዚክስ በማትሪክ የተገላገልኩ ሰው ነኝ፤ እሳቸው ግን እስካሁን ሊያምኑኝ አልቻሉም።

ባለቤታቸው እትዬ ደብሪቱ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበሩ። ምላሳቸው ምላጭ ነበር። ጋሼ ተማሪዎች ሰብስበው በረንዳው ላይ ሲያስጠኑ፣ እትዬ ከጓዳ ሆነው ድምፃቸውን ያጎረንኑና «ሰበቃ የለም እንበል!» እያሉ ባላቸውን ያስመስሏቸው ነበር። ተማሪው በሳቅ ይሞታል፤ ጋሼም ይስቃሉ። ባለፈው ክረምት እትዬን ስትሮክ መታቸውና ግራ እጃቸው ዛለ፣ ምላሳቸውም ተሳሰረ። ከእጃቸው ይልቅ እኔን የከበደኝ ዝምታቸው ነው።

ሐኪሙ እጃቸውን በየቀኑ እንዲያሠሩት፣ ካላሠሩት ግን እንደዛለ እንደሚቀር ነገራቸው። እሳቸው እምቢ አሉ። ምክንያቱም ሰው ሁሉ አዘነላቸው። ጋሼ እንኳ አብረዋቸው ሲራመዱ እርምጃቸውን ያሳጥራሉ፤ ገበታ ላይም እትዬን ለመጠበቅ ቀስ ብለው ይጎርሳሉ። ጠያቂ በመጣ ቁጥር ደግሞ «አይዞዎት፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይላል። አንድ ቀን፣ «እንቁላል ሆንኩላችሁ እንግዲህ!» ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ከዚያ ወዲህ እጃቸውን በነጠላ ሸፍነው ይውላሉ።

ጋሼ መላ አመጡ። ላምበረት ካለ አናጢ ጣውላ አስቆርጠው ሁለት ጫፉ ከፍ ብሎ መሐሉ እንደ ግማሽ ክብ ጎድጎድ ያለ ቦይ አሠሩና በረንዳው ጠረጴዛ ላይ አቆሙት።

«እሷ ከአንድ ወገን፣ እኔ ከሌላው ወገን አንድ አንድ ብይ እንለቃለን» አሉኝ። «እኔ ከጫፉ፣ እሷ እጇ ከደረሰበት። መሐል ላይ እኩል ይገናኛሉ።»

«እንዴት ተደርጎ? የእርስዎ መንገድ ይረዝም የለ?»

«ይረዝማል፤ ግን ቁልቁለቱም ይብሳል። ከሩቅ የተነሳው ይፈጥናል፣ ከቅርብ የተነሳው ይዘገያል። ማንም ለማንም ሳያዝን እኩል ይደርሳሉ።»

እትዬ ስንት ተለምነው እጃቸውን ከነጠላው አወጡ። ብዩን ዝቅ ካለው ቦታ ለቀቁት። ጋሼም ከላይ ለቀቁ። የእትዬ ብይ መሐሉን አልፎ ወደ ጋሼ ወገን ገባና እዚያ ተጋጩ።

«ለእኔ ብለህ አዘገየኸው» አሉ እትዬ።

«ሚካኤልን! አላዘገየሁም!»

«አታባብለኝ፣ ዓምዴ።»

ደግመው ሞከሩ፤ የእትዬ ብይ አሁንም ቀደመ። እጃቸው ተመልሶ ነጠላው ውስጥ ገባ። እውነቱን ለመናገር በጋሼ ተናደድኩ። የታመመ ሰው ላይ ትምህርት ምን ያደርጋል? እሳቸው ግን ጠረጴዛው አጠገብ ኩርምት ብለው ያንን ቦይ ሲያዩት ሰነበቱ። ጭጋጉ ይመጣል፣ ይሄዳል፤ እሳቸው እዚያው ናቸው።

አንድ ረፋድ ላይ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው እንዳዞሩ፣ እትዬ በከበደ ምላሳቸው ድምፃቸውን አጎረነኑ።

«አንግሉ... ትንሽ... ከሆነ!»

ጋሼ ብድግ አሉ። ይህ የራሳቸው ቃል ነው። ተወዛዋዥ ነገር ሩቅም ይነሳ ቅርብ በእኩል ጊዜ ይወዛወዛል፣ ግን አንግሉ ትንሽ ከሆነ ብቻ፤ ይህንኑ ስንቱን ተማሪ በቃል አስብለዋል! የክብ ቦይም ሕጉ ያው ነው፤ በጣም ከፍ ካለ ቦታ የተነሳው ይዘገያል። ሌላውን እያስጠነቀቁ ለራሳቸው ረሱት። ሳቁ፤ ሳቃቸው መሐል ላይ ወደ ልቅሶ ሄደ። ሚስታቸው ካስመሰሏቸው ስንት ጊዜ ሆነ!

ከዚያ ከየትም ቢነሱ እኩል የሚያደርሰውን ቅርጽ ለመንደፍ የትልቁ ድስት ክዳን ጠርዝ ላይ እርሳስ አሰሩና ክዳኑን በጣውላው ጠርዝ ላይ አንከባለሉት። እርሳሱ የነደፈው ቅስት ሲገለበጥ አዲሱ ቦይ ሆነ። ጊዜውን በጥቁር ሰሌዳ አሰሉልኝ። ብይ ሲንከባለል ከጉልበቱ ከፊሉን ለመሽከርከር ያውለዋል፤ ሁለቱም ግን እኩል ያውላሉ። ብዩ የተነሳበትን ከፍታ የሚወክለው ፊደል በክፍልፋዩ ከላይም ከታችም ተጻፈና ተሰራረዘ። የቀረው የክዳኑ ስፋትና የምድር ስበት ብቻ ነው። ሌላው አልገባኝም፤ ያ የተሰረዘ ፊደል ግን ከዓይኔ አልጠፋም። ከየት መጣህ ብሎ የማይጠይቅ መንገድ አለ ማለት ነው። በዚያ ሳምንት ከእንጦጦ የሚወርደው ሰው ሁሉ፣ የቀደመውም የዘገየውም፣ መገናኛ በአንድ አፍታ ሲደርስ በሕልሜ አየሁ።

አዲሱ ቦይ በቆመ ቀን እትዬ ባላቸውን ገለል አደረጓቸው።

«እሱን አላምነውም። ትሕትና፣ ነይ አንቺ ልቀቂ። አንቺ አታዝኚልኝም።»

ትሕትና ስሜ እንጂ ጠባዬ አይደለምና አልተቀየምኩም። እኔ ከላይ፣ እትዬ ከታች፣ «በይ!» ሲሉ ለቀቅን። ብዮቹ ልክ መሐሉ ላይ ጠቅ አሉ። እትዬ ጎንበስ ብለው ብዮቹን አዩ። «ድገሚ» አሉኝ። ጠቅ። ማንም አልጠበቃቸውም፤ ማንም አላዘነላቸውም። ፊታቸው ሲፈታ አየሁት፣ ደስ አለኝ።

ብዩን ለሦስተኛ ጊዜ አነሱ። አሁን ግን እጃቸው ወደ ላይ መውጣት ጀመረ።

«ደብሬ፣ ከታችም ያው ነው'ኮ» አሉ ጋሼ።

«አውቃለሁ።»

እጃቸው መሐል መንገድ ላይ ቆመ። ጋሼ ሊደግፏቸው ተነሱ።

«ተቀመጥ!»

ጋሼ ተቀመጡ፤ መዳፋቸውን ጭናቸው ሥር አስገቡ። ጭጋጉ በረንዳውን ሞላው፤ ዓለም ሁሉ ያቺ እጅ ብቻ ሆነች። ትንሽ ትወጣለች፣ ታርፋለች፣ ደግሞ ትወጣለች። ምን ያህል እንደቆየን እንጃ። ዓይኔ እንባ ስላቀረረ የቦዩ ጫፍ ተደበላለቀብኝ፤ የያዝኩትንም ብይ ረሳሁት።

«ምን ትጠብቂያለሽ አንቺ?» አሉኝ እትዬ ደብሪቱ ከወዲያኛው ጫፍ። «ልቀቂ እንጂ፤ እኔ ከደረስኩ ቆየሁ።»