ወደ ግራ የምታጋድለው መጋዝ

ሸረፈዲን በዚያ ሰሞን ሌላ ወሬ አልነበረውም። አፉን ከከፈተ ስለ መጋዟ ነው፤ ስለ መጋዟ ከተናገረ ደግሞ ስድብ ነው። ኮምቦልቻ ያለው የእንጨት ቆራጮች ማኅበር ከድርቁ ማግሥት ዕቃውን ጥሎ ከሄደ አንድ የርዳታ ድርጅት የተረፈች ትንሽ የሞተር መጋዝ አግኝቶ ለሱና ለባልደረባው ለሞላልኝ ሰጣቸው። ርካሽ ዕቃ ናት። ቅርንጫፍ ለመመልመል እንጂ ግንድ ለመጣል እንዳልተሠራች ያያት ሁሉ ያውቃል። ግን ሐረጎ ዳገት ላይ ያለው ባሕር ዛፍ ለአዲሱ መንደር ቤቶች በቶሎ ይፈለግ ነበርና የሚሰማ አልተገኘም።

የማኅበሩ ሊቀመንበር ጓድ ብሩ መጋዟን ሲያስረክብ ሁለቱን አየት አየት አደረገና «ይቺ ማሽን የአንድ ሰው ናት፤ ሁለተኛው ሰው ምን ሊሠራ ነው?» አለ።

ሸረፈዲን ከጎረምሳነቱ ጀምሮ ከሞላልኝ ጋር በሁለት ሰው መጋዝ አንድ ጫፍ አንድ ጫፍ ይዞ የኖረ ሰው ነው። «ያለ ሞላልኝ አልቆርጥም» ብሎ ድርቅ አለ። ጓድ ብሩም «እንግዲያው እስከ ግምገማው እንያችሁ» ብሎ ተወው። ማኅበር የሌለው፣ ሥራ የሌለው ሰው ለሰፈራ የሚመዘገብበት ጊዜ ነበር። ሞላልኝ ከማኅበሩ ከወጣ በዚያው ሳምንት መኪና ላይ ተጭኖ ወደማያውቀው ቆላ እንደሚሄድ ለሦስቱም ግልጽ ነበር። ማንም አፍ አውጥቶ አልተናገረውም እንጂ።

መጋዟ ግን አልቆርጥ አለች። ሲጀምሩ ቀጥ ብላ ትገባለች፤ መሐል ግንድ ስትደርስ ወደ ግራ ታጋድላለች፤ ካጋደለች በኋላ ተነክሳ ትቀራለች። ሸረፈዲን በመጥረቢያ ጠርቦ ያወጣታል፣ ገመዷን ስቦ ያስነሣታል፣ እንደገና ወደ ግራ። በመንገድ የሚያልፍ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ወደ ግራ የተንጋደደውን ጉቶ አይቶ «ምን ታድርግ፣ ዘመኑ ነው» ብሎ ሳቀበት። ሸረፈዲን አልሳቀም።

ምክር ግን ሞልቷል። የኮምቦልቻው መካኒክ ቤንዚኑ ላይ ዘይት አብዝተሃል አለው፤ ቀነሰ። ሌላው ሰንሰለቱ ላልቷል አለው፤ አጠበቀ። ሦስተኛው ደግሞ ጠብቋል አለውና አላላ። ሰንሰለቱ የሚዞርበትን ብረት ገልብጦ ገጠመ። ግንዱ መሬት ለመሬት ሲጎተት ልጡ ውስጥ የሚገባው አሸዋ ጥርስ ያዶለዱማል ስላሉት፣ ከመቁረጡ በፊት እንደ ሕፃን ገላ ያጥበው ጀመር። ይኼ ሁሉ ጥቂት ጥቂት ጠቀመ፤ መጋዟ ፈጠን አለች። ፈጠን ብላ ወደ ግራ ሄደች።

ነገሩ ያለው ሌላ ቦታ ነበር። በሁለት ሰው መጋዝ ሥራ እነሱ ዘንድ ደንብ ነበር፤ የመጋዝ ጥርስ አንዱ ወደዚህ አንዱ ወደዚያ ያዘመመ ነውና እያንዳንዱ ሰው ወደ ራሱ ጎን ያዘመመውን ብቻ ይስላል። የባልደረባን ጥርስ መንካት «አንተ አትስብም፣ እኔ ነኝ የምጎትትህ» ብሎ ፊት ለፊት ከመስደብ አይለይም። በዚህ የተነሣ ተኳርፈው በሽማግሌ የታረቁ ነበሩ። የሞተሯ ሰንሰለት ስትመጣም ጥርሷ አንዱ ወደ ግራ አንዱ ወደ ቀኝ የዞረ መሆኑን አዩና ሳይነጋገሩ ተካፈሉት። ግራው የሸረፈዲን፣ ቀኙ የሞላልኝ ሆነ።

አንድ ረፋድ ሸረፈዲን ሰንሰለቷን ጭኑ ላይ ዘርግቶ ቆሻሻዋን ሲጠርግ አውራ ጣቱ ሳያስበው ቀኙ ጥርስ ላይ አረፈ። እንደ ማንኪያ ጠርዝ ዶልዱሟል። ሞረዱ የፋቀበት ምልክት አለ፤ ግን ስለቱ ላይ አይደለም፣ የጥርሱ ጀርባ ላይ ነው። ቀጣዩም፣ ከዚያ ወዲያ ያለውም እንደዚያው። የሚያይ ሰው እንዲህ አይሞርድም።

«ሞላ» አለ፤ «ሞረዱን የት ላይ ነው የምታሳርፈው?»

«ጥርሱ ላይ ነዋ።»

«ታየዋለህ?»

ሞላልኝ ጋቢውን ሰበሰበ። «ከፋሲካ ወዲህ ጉም ነው» አለ። «ብነግርህ የኔን ጎን አንተ ትስለው ነበር። ከዚያ ጓድ ብሩ ሲጠይቅህ ምን ልትል ነው? ወላሂ ብለህ መዋሸት አትችልበትም።»

«ታዲያ ይኼን ሁሉ ቀን ነፍስ የሌላትን መጋዝ ስራገም ቆመህ ትሰማኛለህ?»

«እሰማሃለሁ። አንዳንዱ እርግማን ጥሩ ነበር።»

ሸረፈዲን ሊመልስለት አፉን ከፈተና የባሰው ነገር ትዝ አለው። እሱ ግንዱ ሥር ጎንብሶ ሲቆርጥ የዛፉን ጫፍ የሚያየው፣ ዛፉ መዘንበል ሲጀምር እንዲሸሽ «ሂድ» የሚለው ሞላልኝ ነው።

«ቆይማ። ሂድ የምትለኝስ በምን ዓይንህ ነው?»

«በጆሮዬ ነው። ከመውደቁ በፊት ውስጡ ሲሰነጠቅ እሰማዋለሁ።»

«በዚህ ሞተር ጩኸት?»

ሞላልኝ አንገቱን ደፋ። «ሞተሩ ካለ አልሰማም። እገምታለሁ።»

«ያ ረቢ» አለና ሸረፈዲን ተነሥቶ እስከ ገደሉ አፍ ሄዶ ተመለሰ። ሚስቱን ሐዋን አሰበ፣ ልጆቹን አሰበ። ስንት ዛፍ በግምት ጥሎ በግምት ተርፏል። ቢናገርበት ሞላልኝ ለሰፈራ ይጫናል፤ ቢደብቅለት ራሱ ዛፍ ሥር ይቀራል። እንደዚያ ቀን በሰው ተናዶ አያውቅም፤ እንደዚያ ቀንም ለሰው አዝኖ አያውቅም። ሁለቱ ነገር አንድ ላይ ሲመጣበት ደግሞ ይብሱኑ ተናደደ።

ሞረዱን ግን አልወሰደበትም። ሰንሰለቷን አምጥቶ የሞላልኝ ጭን ላይ ጣለ፣ ሞረዱን አስያዘው፣ ከላይ የራሱን እጅ አደረገና ስለቱ ላይ አገባው። «ግፋ» አለ። «አትመልሰው፣ አንሣና ግፋ። ወደ ፊት ብቻ።» ሞላልኝ አጥብቀህ ጨመቅኸኝ እያለ ሲያጉረመርም፣ ሸረፈዲን ዝም ብለህ ግፋ እያለ ሲቆጣ፣ ጥርሱ ሁሉ ተዳረሰ። ከሰዓት በኋላ መጋዟ ግንዱ ውስጥ ቀጥ ብላ ገብታ ቀጥ ብላ ሄደች። ሸረፈዲን ደስ ሊለው ሲገባ፣ ለዚህ ነው እንዴ ያን ያህል ቀን የተቃጠልሁት ብሎ ተብሰለሰለ።

ከዚያ ወዲህ ዛፉ ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው ሞተሯን ያጠፋል። ሽብልቅ ያስገባና በመጥረቢያው ጀርባ ይመታል፤ ሞላልኝ መዳፉን ግንዱ ላይ አድርጎ ያዳምጣል። ሞተሯ አንዴ ከጠፋች መልሶ ማስነሣቱ ፍዳ ነው፤ ገመድ ሲስብ ትከሻው ይገነጠላል፣ እርግማኑም እንደ ድሮው ቀጥሏል።

በግምገማው ሰሞን ጓድ ብሩ ዳገቱን ወጥቶ መጣ። ጉቶዎቹን በእጁ ዳበሰና «ቁርጡ ቀጥ ብሏል» አለ። «ሞተሩን ግን ለምን ታጠፉታላችሁ? ይኼ ሰውዬስ ግንድ ታቅፎ ምን ይሠራል?»

«ቀኙን ጥርስ የሚስለው እሱ ነው» አለ ሸረፈዲን።

«ወላሂ በል።»

«ወላሂ። ሞረዱ ከእጁ ወጥቶ አያውቅም።»

«ሌላስ?»

«ሂድ ሲለኝ እሄዳለሁ» አለና ጎንበስ ብሎ ሽብልቁን መታ።

ሞላልኝ ጉንጩንም ግንዱ ላይ አስደግፎ ቆየ። ከዚያ «ሂድ» አለ።

ሸረፈዲን ወደ ላይ ሳያይ ሄደ። ዓይነ ጤናማው ጓድ ብሩ ግን ቀና ብሎ አየ፤ አንድ ቅጠል አልተነቃነቀም። «የምን ሂድ ነው?» ብሎ ሳይጨርስ ግንዱ ከውስጥ ተንቋቋ፤ እሱም ቆቡን ጥሎ ቁልቁል ሮጠ። ዛፉ ወድቆ አቧራው እስኪያርፍ ድረስ ከታች ቆሞ ያለከልክ ነበር። ተመልሶ ሲመጣ ቆቡን ያቀበለው ሞላልኝ ነው፤ በእጁ ሣሩን ዳብሶ ሲያገኛት ጓድ ብሩ በደንብ አይቶታል። አየው፣ ቆቡን ተቀበለ፣ አቧራዋን አራግፎ ደፋት፤ ስለ ሁለተኛው ሰው ግን ሌላ ጥያቄ አልጠየቀም።